ቆሜ ነው የማወራሽ

አባትሽ ተኝቷል ይሏታል። ከትናንት ወዲያ ስትደውል ተኝቷል፣ ትናንት ስትደውል ተኝቷል፣ ዛሬም ከሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ በሹክሹክታ ስትደውል ታናሽ እህቷ ያንኑ ደገመችላት፣ ተኝቷል፣ አሁን ገና ሸለብ አደረገው፣ አልቀሰቅሰውም። እሷ ደግሞ ይኸው ከሥራ ተመልሳ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ ካልሲዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ከተዘረረች ሁለት ሰዓት አልፏታል፣ እንቅልፍ ግን በዚህ ሰፈር ያለፈም አይመስልም። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሽማግሌና አሮጊት ሲያነሳ፣ ሲያስቀምጥ፣ ሲያቆም የዋለ ወገቧ ይጠዘጥዛታል፣ ዓይኗ ይቃጠላል፣ ከላይ ፎቅ ያሉት ሰዎች ወንበር ይጎትታሉ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው የውሃ ቱቦ ሰው በታጠበ ቁጥር ያጉረመርማል፣ በብርድ ልብሱ ዳርና ዳር የከሰዓቱ ብርሃን ይሾልካል። እንቅልፍ በቤተሰብ የሚታደል ከሆነ የእኔን ድርሻ አባቴ ወስዶታል ማለት ነው ብላ ልትስቅ ትሞክራለች። ልጅ ሳለች አባቷ ቆቅ ይላት ነበር፣ ከእንቅልፏ ለመንቃት የመቀስ ድምፅ ይበቃታልና፤ ዛሬም ስልክ ላይ ቆቄ ነው የሚላት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ለእሱ ግን ያቺው ቆቅ ነች።

ተኝቷል የሚሉት መልስ ለእሷ አዲስ አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት እናቷ ለስድስት ሳምንት ተኝታ ነበር፤ ካልተኛች ገበያ ሄዳለች፣ ገበያ ካልሄደች ጎረቤት ለቅሶ ቤት ነች፣ አሁን ስታስበው ለቅሶው የማን ነበር፣ የእናቷ የራሷ። ይቺ ሞኝ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላ ለሥራ ፈቃድ ፈተናዋ ታጠናለች፣ የአጥንትና የጡንቻ ስም በሰው አገር ቋንቋ ትሸመድዳለች፣ እማዬን ሰላም በሉልኝ ትላለች፣ እነሱም እሺ እንላታለን ይላሉ። ፈተናውን ባለፈች ማግስት የነገራት አባቷ ራሱ ነው። ሐሳብሽ እንዳይበተን ብለን ነው ልጄ፣ ቆሜ ነው የማወራሽ፣ በርቺ፣ አላት። ያን ቀን ማልቀሻ ቦታ አጥታ የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ የሚወጣም የሚወርድም ሰው ይቅርታ እያለ በጎኗ ያልፋል። ከዚያ በኋላ አባቷንም እህቷንም አስማለቻቸው፣ ከእንግዲህ አንዲት ነገር እንዳትደብቁኝ፣ አፈር ስሆን፣ በእማዬ አጥንት ብላ። ማሉላት። ምን ዋጋ አለው፣ እሷስ ብትሆን ስንቴ ደህና ነኝ ብላቸዋለች፣ ትኩሳት አንቀጥቅጧት አልጋ ውስጥ ተጠቅልላ ስንቴ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልደወልኩት ብላለች።

ቆሜ ነው የሚለው ነገር ደግሞ የአባቷ አመል ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ስልኩ የሚሰማው መስኮቱ ጋ ሲቆም ብቻ ስለነበር ነው፤ በኋላ ስልኩ ተቀየረ፣ የትም ቢሆን ይሰማል፣ እሱ ግን እምቢ አለ። ልጄ ስንት አገር አቋርጣ ስትመጣብኝ ተጎልቼ ልቀበላት እንዴ፣ ይላል። ስልኩ ሲጠራና እህቷ ቆቅ ነች ስትለው ከዚያ ከሽቦ አልጋው ይነሳል፣ አልጋው ሲጥጥ ይላል፣ ሲነሱበትም ሲቀመጡበትም ሰፈር የሚቀሰቅስ አልጋ ነው፣ ልጅ ሆና ማን ቤት እንደገባ ማን እንደወጣ በእሱ ነበር የምታውቀው። ቀጥሎ የዘገየ እርምጃ፣ ቀጥሎ የመስኮቱ መቀርቀሪያ፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይኸው ቆሜ ነው የማወራሽ። እሷም በዚህ ማዶ ሆና ሳታስበው ትነሳለች።

ልብስ ሰፊ ነበር አባቷ። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነበር የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጠው፣ ክር ሊበጠስ ሲል ከጣቴ ቀድሞ ውስጥ እግሬ ነው የሚነግረኝ ይል ነበር፣ ደንበኞቹ ይስቁበታል፣ ሱሪያቸው ግን ቀጥ ብሎ ይሰፋል። ከዚያ ስኳር ያዘው። መጀመሪያ ፔዳሉ ራቀኝ አለ፣ ማንም ትርጉም አልሰጠውም፤ ከዚያ ስፌቱ እየዘለለ መጣ፤ ከዚያ የዛሬ አራት ዓመት አንድ ቀን እህቷ ወለሉ ላይ ያየችውን የደም ጠብታ ተከትላ ስትሄድ መርፌ ተረከዙ ላይ ተሰክቶ አገኘችበት። ጠዋት የተሰካ መርፌ ነው፣ እሱ ምሳውን በልቶ፣ ሁለት ቀሚስ ቋጭቶ፣ ጎረቤት ደርሶ ተመልሷል። ሐኪሙ በላባ ነካው፣ በጫፉ ወጋው፣ ቀዝቃዛ ብረት ለጠፈበት፣ አባቷ ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ሙቅም ቀዝቃዛም አያውቅም አሏቸው። ከዚያ ወዲህ እግሩን የምታጥበው እህቷ ውሃውን በራሷ ክንድ እየለካች ነው። ይህን አልደበቋትም፣ ይህን ነግረዋታል።

እሷም የሩቅ ልጅ የሚያደርገውን አደረገች፣ ጫማ ገዛች። በዚህ ከተማ አለ የተባለውን ለስላሳ ጫማ። ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆማ የእያንዳንዱን ሶል በአውራ ጣቷ ስትጫን፣ ይህ ይጠነክራል፣ ይህ ይቆረቁረዋል፣ ስትል ቆይታ፣ በመጨረሻ ጣቷ እንደ ሊጥ ስርግ ያለበትን ግራጫ፣ ጠርዙ ነጭ የሆነ መረጠች፣ በመንገደኛ ላከችለት። አባቷ በደረሰው ቀን ደውሎ ቆሞ መረቃት። ቆቄ፣ ጥጥ ላይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ፣ መሬቱ የት እንደሆነ እንኳ አላውቀውም እኮ አላት እየሳቀ። እሷም ሳቀች። መሳቅ ብቻ አይደለም፣ ኮራች እንጂ፣ ሥራ ቦታ ሳይቀር አወራችው። የገዛ አባቷ መሬቱ ጠፋኝ እያላት፣ ምርቃት መስሏት አሜን አለች።

ያውም ሥራዋ ይኸው ሆኖ። ያውም በየቀኑ እየሰማችው። የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ወድቀው የተሰበሩ፣ ሊወድቁ የደረሱ ሰዎች እንደገና መቆም የሚለማመዱበት ነው፤ የእሷ ድርሻ ከኋላ መቆም፣ ወገባቸው ላይ የታሰረውን ሰፊ ቀበቶ መያዝ ነው። አትያዢው፣ አትልቀቂውም ይላታል የአካል እንቅስቃሴ ሐኪሙ፣ ከያዝሽው ይደገፍብሻል፣ ከለቀቅሽው ይሰበርብሻል። ስትቀጠር መቆም ማለት ምንም አለመሥራት ይመስላት ነበር። የቆመ ሰው እየወደቀ ያለ ሰው ነው አላት ሐኪሙ፣ የሰውነታችን ክብደት ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ወደፊት ያደላል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በግንባራችን ልንደፋ ነው፣ ባት ከኋላ ይስበናል፣ ይለቀናል፣ መልሶ ይስበናል፣ ቀኑን ሙሉ። አላመንሽኝም አይደል፣ እግርሽን ግጠሚና ዓይንሽን ጨፍኚ። ጨፈነች። እውነትም ትወዛወዛለች፣ ባቷ ሳታዘው ጨበጥ ለቀቅ ይላል፣ የእግሯ ጣቶች ወለሉን ይቧጥጣሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰውነቷ እሷን ለማቆም ይህን ሁሉ ሲለፋ አንድም ቀን አመስግናው አታውቅም።

ሦስት ወሬ አቀባይ አለ ይላል ሐኪሙ። ዓይን ያያል፤ ውስጠኛው ጆሮ ጭንቅላት ወዴት እንዳዘነበለ ይናገራል፤ ውስጥ እግር የወለሉን ግፊት፣ የጡንቻ ነርቭ ደግሞ ጡንቻው ምን ያህል እንደተሳበ ይነግራል። ከራስ ቅል በስተኋላ ያለው ትንሹ አንጎል የሁሉንም ወሬ ያመዛዝናል፣ ዓይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ ትእዛዙ በአከርካሪ ወርዶ ባት ይደርሳል። አንዱ ዝም ቢል ሁለቱ ይሸፍኑለታል፣ ለዓመታት ይሸፍኑለታል፣ ሰውየውም ደህና ነኝ እያለ ይኖራል። ሁለተኛው ዝም ያለ ቀን ነው ጉዱ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ይታገላል፣ ቁርጭምጭሚት ያቃተውን ዳሌ ይሞክረዋል፣ ዳሌ ያቃተው እንደሆነ እግር አንድ እርምጃ ወደፊት ይልና ያድናል። እርምጃው ከዘገየ ወለሉ አለ። እሷ ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሯ በአማርኛ ጽፋዋለች፣ ደብተሩ እዚያ ኮመዲኖው ላይ ነው፣ ጽፋ ጽፋ ሲያበቃ ሄዳ እንደ ሊጥ የሚሰርግ ጫማ ገዛች። ምን ዓይነት ሰው ነኝ። የሰው አባት ሳቆም እውላለሁ፣ የራሴን በመንገደኛ በላክሁት ጫማ እጥላለሁ።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ገቢ ነበር፣ በጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ፣ አንድ ሰሞን እግሩ አልሰማ ብሎት ሁለት ጊዜ የወደቀ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ። ልጁ ካፖርቷን ክንዷ ላይ ጥላ ጥግ ላይ ቆማለች። እሷ እንደ ሥራዋ ቀበቶውን አሰረችለት፣ ከኋላው ቆመች። ዓይኑን ገልጦ ቆመ፣ ደህና ነው። ዓይንህን ጨፍን ተባለ። አንድ፣ ሁለት ሳይባል ሰውየው እንዳለ ተነቀለ፣ ወገቧ እስኪንቋቋ በቀበቶው ጎትታ መለሰችው። ሐኪሙ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ከሽማግሌው እግር አወለቀና በሁለት እጁ አጠፈው፣ ጫማው እንደ ትኩስ ዳቦ እጥፍ አለ። ግራጫ። ጠርዙ ነጭ።

«ማነው ይህን የገዛለት?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጁ ፊቷ በርቶ፣ «ከሁሉ ለስላሳው ነው ብለውኝ።»

«እሱ ነዋ ችግሩ። እግሩ በደንብ አይሰማም፤ የቀረችውን ትንሽ ስሜት ደግሞ አንቺ በትራስ አፈንሻት። ስስ፣ ጠንከር ያለ ሶል ይሁን፣ ወለሉን ያግኘው። ፊቱንም ቆሞ አይታጠብ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ የሚወድቁት እዚያ ነው፣ ሳሙና ፈርተው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ።»

የልጅቷ ፊት መብራት እንደጠፋበት ቤት ሲጨልም አየችው። ማየት አልፈለገችም፣ ቀበቶውን አየች። ባቡር ነጂው ዞር ብሎ «ማነው የሚንቀጠቀጠው? እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አላት። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳትስቅ አልቀረችም። ከዚያ ነው ሽንት ቤት ገብታ የደወለችው፣ ከዚያ ነው ተኝቷል ያሏት።

አሁን ጣሪያውን እያየች ቀኖቹን ወደኋላ ትቆጥራለች። የመጨረሻው እውነተኛ ስልክ መቼ ነበር፣ ከአራት ቀን በፊት፣ እዚያ ጠዋት ነበር። እህቷ አነሳች፣ አንዴ ያዢ ፊቱን እየታጠበ ነው አለቻት፣ ከዚያ ስልኩን ሳትሸፍን ጮኸች፣ አባዬ! ቆቅ ነች! ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ቆየት ብሎ መልእክት መጣ፣ ኔትዎርኩ ነው ሁሉ ሰላም። ኔትዎርኩ መቼም አይታማም፣ አመነች። ጥርሷን ፍቃ ሥራ ሄደች። አሁን ያን ጠዋት እንደገና ታየዋለች፣ ባታየውም ታየዋለች፤ አባቷ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሏል፣ ፊቱ ሳሙና ነው፣ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ እግሩ ጥጥ ላይ ነው፣ ቆቅ ነች ሲሉት ቆሞ ሊቀበላት ድንገት ቀና ይላል፣ ዞር ይላል። ዓይን የለም፣ እግር የለም፣ አንድ ጆሮ ብቻ ቀርቷል፣ ያም ጆሮ እሷን እየሰማ ነው። ባቱ ይስባል፣ ዘገየ። ዳሌው ይሞክራል። እርምጃው ጫማው ውስጥ ይሰርጋል። ተይ፣ አትጨርሺው። ምናልባት ጉንፋን ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል መናገር ያቅተዋል እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ማንን ነው የምታታልዪው።

ተነሳች። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ገፈፈችው፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። የምለው ይህ ነው አለች፣ አባዬ የገዛሁልህን ጫማ አውልቀው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ተቀምጠህ ታጠብ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ሦስት ዓረፍተ ነገር አያቅተውም። ደወለች።

«ወዬ» አለች እህቷ፣ ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«አባዬን አቅርቢልኝ።»

«ተኝ...»

«ተኝቷል እንዳትዪኝ! በእማዬ አጥንት ምለሽልኛል። ቀስቅሺው።»

«እህቴ፣ ምን ሆነሻል ዛሬ? ደህና ነው እኮ አልኩሽ፣ ትንሽ ድካም ነው...»

«ደህና ከሆነ ይናገረኝ። ካልሆነ ሥራውን ጥዬ ነገ እመጣለሁ፣ ወረቀቴ ቢቃጠልም ይቃጠል።»

 የመኖሪያ ወረቀቷ ገና ነው፣ ከወጣች መመለሻ እንደሌላት እህቷም ታውቃለች፣ ለዚህ ነው እንግዲህ ሁሉም የሚተኛው። እጅ ስልኩን ሸፈነው፣ ሹክሹክታ ሰማች፣ የጨርቅ መንኮሻኮሽ ሰማች፣ አንድ ሰው ጥርሱን ነክሶ አየር ሲስብ ሰማች። የአልጋውን ጩኸት ጠበቀች። የዘገየውን እርምጃ፣ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ጠበቀች። ጉሮሮ ተጠረገ።

«ቆቄ!»

«አባዬ!»

«ምነው ልጄ፣ ሰው ቢተኛ ወንጀል ሆነ? ይኸው ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነው የማወራሽ።»

ሥራዋ ነው፤ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው የጥሪ ሳጥን ስትጮህ ከድምፁ ብቻ ሰውየው ተቀምጦ ይሁን ቆሞ ወይ ወለል ላይ ወድቆ እንደሆነ ታውቃለች። የቆመ ሰው ድምፅ ከሆዱ ይነሳል። በጀርባው የተኛ ሰው ድምፅ ጉሮሮው ላይ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ ቃሉ መሀል ትንፋሽ ይሰርቃል። አባቷ መስኮቱ ጋ ያለውን እንኳ በሁለት ትንፋሽ ነው ያለው።

«ወድቀሃል እንዴ አባዬ?»

«ማን? እኔ?» ሳቀ፣ ሳቁን ሕመም አቋረጠው፣ በሳል ሸፈነው። «የዘንድሮ ጉንፋን ነው እንጂ ምን ይጥለኛል። ደግሞ ያንቺን ጫማ አድርጌ ማን ይወድቃል? አንድ ቀን ከእግሬ አላወለቅሁትም፣ ስሞት እንኳ እንዳታወልቁብኝ ብያቸዋለሁ።»

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ጉሮሮዋ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። አሁን ብትለው ለማን ነው፣ ለእሱ ነው ለራሷ? ወለሉን ከእንግዲህ ላይረግጥ ለሚችል ሰው ጫማህ ነው የጣለህ ትበለው? የጣልኩህ እኔ ነኝ ብላ እሷ ይቅለላት፣ እሱ ደግሞ ከስብራቱ ላይ የልጁን እንባ ይጨምርበት? ግን ሊድንም ይችላል፣ ምናልባት ወለምታ ነው፣ ምናልባት ነገ ይነሳል፣ ያን ጊዜ ያንኑ ጫማ አጥልቆ፣ ፊቱን ሳሙና ቀብቶ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?»

«መቶ።»

«ጫማውን አውልቀው። ለእኔ ብለህ። በባዶ እግርህ መሬቱን ርገጠው፣ እንደ ድሮው፣ ፔዳሉን እንደምትረግጠው።»

በዚያ ማዶ እህቷ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማት።  እሷ ባዶ እግሯን ገጥማ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ባቷ ጨበጥ ለቀቅ ይላል፣ ወለሉ ግን የት እንደሆነ ታውቀዋለች፣ የእሷ ወለል አለ።

«ይኸው አወለቅሁ» አላት።

«ረገጥከው?»

«ረገጥኩት። ኡፍ! ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወለሉ!»

ዓይኗን ገለጠች። የዛሬ አራት ዓመት ሐኪም ቀዝቃዛ ብረት ለጥፎበት ያልሰማ እግር፣ ውሃ በሰው ክንድ የሚለካለት እግር። እሷ ደስ እንዲላት፣ እሷ ነገ ሥራዋ እንድትሄድ ቀዘቀዘው። ምላሷ ጫፍ ላይ ውሸታም የሚል ቃል መጣ፣ አባቴ የሚል ቃልም መጣ፣ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«እንግዲያው ይበቃል አባዬ» አለችው፣ ድምፅዋን በቀበቶ እንደያዘ ሰው። «ብርድ እንዳይመታህ፣ አልጋህ ላይ ቁጭ በል። አይዞህ፣ ቁጭ ብለህ ብታወራኝ አልቀየምህም።»

«እሺ ቆቄ። ይኸው ቁጭ አልኩ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማ ጠበቀች። የሽቦ አልጋው አልጮኸም።